«ደምሽ ደህና ነው»

ለዚህ እትም የሆነ ነገር ጻፊ ስባል መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዘንገና ሐይቅ ለመጻፍ ነበር። የዘንገና ልጅ መሆኔን የሚያውቁ ጓደኞቼም ሌላ ነገር አይጠብቁም። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ፣ ከእንጅባራ በአዲስ አበባ መንገድ ትንሽ ወጣ እንዳሉ የሚገኝ፣ ለቱሪዝም ግን ገና ያልተሠራበት ምናምን ብዬ ሁለት ገጽ መሙላት አያቅተኝም ነበር። ብቻ በክረምቱ እረፍት አገር ቤት ሄጄ ያየሁት ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ። የምጽፈው ስለ ጡት ካንሰርና ስለ ደም ምርመራ ነው። «ጋዜጠኝነት እየተማርሽ ምን አገባሽ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። በጣም የሚያገባን ጉዳይ ነው።

የእናቴ ታናሽ እህት አለች። አዝላ ስላሳደገችኝ አክስቴ ብያት አላውቅም፣ እታለም ነው የምላት። ዕድሜዋ ከ40 ብዙም አላለፈም። እንደ ሰፈራችን ሰው ሁሉ ዲከረንስ ተክላ፣ ከሰል አክስላ፣ ድንች ዘርታ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ነሐሴ ላይ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ወደ ጓዳ ጠራችኝና በሩን ገርበብ አድርጋ የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች። የግራ ጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ድንጋይ ነው።

«እታለም፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ከፋሲካ በፊት እንደ ባቄላ ያለች እብጠት ነበረች። አታመኝም እኮ።»

«ሐኪም ቤት አልሄድሽም?»

«ሄጄ የለ! ግንቦት ላይ ደም ተመርምሬያለሁ። ደምሽ ደህና ነው ብለውኛል።»

ከጤና መድን ደብተሯ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ሁላችንም የምናውቀው ሲቢሲ የሚባለው ምርመራ ውጤት ነው። ትኩሳት ሲይዘን፣ ድካም ሲሰማን፣ ከኦፕራሲዮን በፊት፣ ለሁሉም የሚታዘዘው። ቀይ የደም ሴል ይህን ያህል፣ ነጭ ይህን ያህል ይላል። እውነትም ቁጥሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው።

ጡቷ አብጦ እንዴት ደሟን ብቻ አስመርምራ ተመለሰች? ስጠይቃት የነገረችኝ ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። በሬዲዮ «የጡት ካንሰር በቀላል የደም ምርመራ» የሚል ነገር ሰምታለች። ጡቷን ለማታውቀው ወንድ ልጅ ማሳየት አሳፍሯታል። ስለዚህ ጤና ተቋም ሄዳ «ድካም ድካም ይለኛል፣ ደሜን እዩልኝ» አለች። የተቀበላትም ባለሙያ ሌላ ምንም አልጠየቃትም። ደሟ ታየ፣ ደህና ተባለ። እሷም «ካንሰር ቢሆን ኖሮ ደሜ ላይ ይገኝ ነበር» ብላ ሦስት ወር ሙሉ እፎይ ብላ ተቀመጠች።

ዜናውን በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፣ ዓላማዬ ክስ አይደለም። ደግሞም እኔ ብሆን ከዚያ የተሻለ እሠራ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያሳፍረኛል። ነገርየው እንዲህ ነው። ተመራማሪዎች ያጠኑት የጡት ካንሰር እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቀ ሴቶችን ነው። ጥያቄያቸውም «በደማቸው ያሉትን የመከላከያ ሴሎች አይተን በሽታው ወዴት እንደሚያመራ መገመት እንችላለን?» የሚል ነው። ዜናው ግን «የታወቀባቸው ሴቶች» የምትለዋን ሐረግ በልቷታል። አንዲት ሐረግ! መምህሮቻችን ዜና አሳጥሩ ይሉናል፣ ልክ ናቸው። እንዲህ ያለችው ግን የምትቆረጥ አልነበረችም።

እስቲ ሳይንሱን እንደገባኝ ላስረዳ፣ የጤና ተማሪዎች ካነበባችሁት አትሳቁብኝ። ነጭ የደም ሴሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ኒውትሮፊል የሚባሉት ቁስልና ኢንፌክሽን ባለበት ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ደግሞ ጠላትን ለይተው የሚያውቁ ናቸው፣ ከእነሱ መካከል የካንሰር ሴልን አሳደው የሚገድሉ አሉ። ሃሮልድ ድቮራክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር አመሳስሎት ነበር። ሰውነት ዕጢውን እንደ ቁስል ቆጥሮ ኒውትሮፊል ይልክለታል። የተላኩት ግን አንዳንዴ ከመርዳት ይልቅ ለዕጢው አዳዲስ የደም ሥር እንዲበቅልለትና እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍቱለታል። ስለዚህ በደም ውስጥ ኒውትሮፊሉ በዝቶ ሊምፎሳይቱ ካነሰ ምልክቱ ጥሩ አይደለም። ኒውትሮፊሉን ለሊምፎሳይቱ ማካፈል ነው፣ አለቀ። በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል፣ አዲስ መሣሪያ አይፈልግም፣ ሲቢሲ የታዘዘለት ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች አሉለት። በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች የወደዱትም ለዚህ ነው።

መረጃውም ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 15 የቀደሙ ጥናቶችንና 8,563 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። ይህ ሬሾ ከተቀመጠው ወሰን በላይ የሆነባቸው ሴቶች የመሞት ስጋታቸው ከሌሎቹ በ2.56 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያየ ጋዜጠኛ ለምን ይዘለዋል? እኔም አልዘለውም ነበር።

እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ። «ከፍተኛ» የተባለው ወሰን ከጥናት ጥናት ይለያያል። አንዱ 1.9 ሲል ሌላው 5 ብሏል፣ መሐል ላይ የሚውለው 3 ነው። አንዲት ሴት ሬሾዋ 2.5 ቢሆን በአንዱ ሐኪም አስጊ፣ በሌላው ደህና ልትባል ነው። በዚያ ላይ ኒውትሮፊልን ከፍ የሚያደርገው ካንሰር ብቻ አይደለም። የሳንባ ምች ያደርገዋል፣ እርግዝና ያደርገዋል፣ ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ሳይቀር ያደርገዋል። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሴቶች በጅምላ ሲታይ እውነት ይናገራል። ስለ አንዲት እታለም ሲጠየቅ ግን አፉ ይያያዛል።

አሁን ወደ እኛ አገር ደም ልምጣ፣ እኔን በጣም ያስገረመኝ ይሄኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት 485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የደም ሴላቸው ተቆጥሮ ነበር። ከመካከላቸው የተወሰኑት ከሆላንድ ደም ለጋሾች ጋር ሲነጻጸሩ ሲዲ4 የሚባለው የሊምፎሳይት ዓይነት በእኛ ሰዎች ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሰዎቹ እኮ አልታመሙም፣ ሥራ ላይ ያሉ ጤነኞች ናቸው። ኒውትሮፊልም እንዲሁ ነው። ብዙ አፍሪካውያን፣ ከእኛም ቀላል የማይባል ቁጥር ያለው ሰው፣ ደፊ የሚባለው ምልክት በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የለም። ይህ ዘር እ.ኤ.አ. በ2009 ከኒውትሮፊል ማነስ ጋር መያያዙ ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ ሰው ምንም ሳይሆን፣ ጤነኛ ሆኖ፣ ኒውትሮፊሉ ብዙ ላቦራቶሪዎች ዝቅተኛ ከሚሉት 1,500 በታች ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አስቡት። ኒውትሮፊሉ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ሰው ሬሾውም ዝቅ ሊል ይችላል። ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሕዝብ ላይ የተሠራውን 3 የሚል ወሰን እንዳለ አምጥተን ብንለጥፍበት፣ በጠና የታመመችውን ሴት «አንቺ ደህና ነሽ» ልንላት ነው። የእታለምን ወረቀት ዘርግቼ አካፈልኩት። ኒውትሮፊል 51.0 በመቶ፣ ሊምፎሳይት 39.2 በመቶ። 1.3 መጣ። በወረቀቱ ብንሄድ ከሁሉም የተሻለ ተስፋ ካላቸው ሴቶች ጋር ልትሰለፍ ነው። ጡቷ ግን ከፊቴ ነበር።

የዶርም ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ተከራከረችኝ። «አንቺ ደግሞ አበዛሽው፣ ዜና ተስፋ መስጠት የለበትም እንዴ? ሕዝቡ ስለ ካንሰር መስማቱ ራሱ ጥሩ ነው» አለች። ሐሳቧ የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። እውነት ነው፣ ስለ ጡት ካንሰር ዝም ከማለት ማውራት ይሻላል። በዓለም አቀፍ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል፣ ከ9 ሺህ በላይ ሞተዋል። ዝም የሚባል አይደለም። ግን ምን እናውራ? እታለም እኮ መረጃ አላጣችም። ሬዲዮ ሰምታ፣ ተነስታ፣ የአንድ ቀን ሥራ ትታ ጤና ተቋም ድረስ ሄዳለች። ከሰፈራችን ሴቶች ስንቷ ይህን ታደርጋለች? ያሳሳታት የሰማችው ነገር ነው። ባትሰማ ኖሮ ምናልባት ጡቴን አመመኝ ብላ ትሄድ ነበር። ላትሄድም ትችል ነበር፣ እሱን አላውቅም።

በሌላ አገርም ያጋጠመ ነገር ስለሆነ የእኛ ድህነት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ጀርመን ውስጥ የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጡት ካንሰርን የሚለይ የደም ምርመራ ተገኘ ብሎ አወጀ። ቢልድ የተባለው በብዙ ቅጂ የሚሸጥ ጋዜጣ የዓለም ታላቅ ዜና አድርጎ አወጣው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጥናቱ በሳይንስ መጽሔት አልታተመም ነበር። ምርመራው ጤነኛዋን ሴት ስንት ጊዜ በስህተት ታማሚ እንደሚያደርግ በግልጽ የነገረ አልነበረም። የከተማው ጋዜጣ ራይን ኔካር ሳይቱንግና ሌሎች የሳይንስ ጋዜጠኞች «ማስረጃው የት አለ?» ብለው ሲከታተሉ ነገሩ ወደ ትልቅ ቅሌት ተቀየረ። ሆስፒታሉም ስህተት መሥራቱን አመነ። እኔን የገረመኝ የጠየቁት ጥያቄ ቀላልነት ነው። ሪፖርቲንግ ኮርስ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርነው ነው። ማን አለ? በምን ላይ ተመሥርቶ አለ? ማንን ይመለከታል?

ይህን ስል ጥናቱ ይቅር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር እኛ አገር ቢጠና ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ቀድሞ አለ። ኬሞ የጀመረች ሴት ሁሉ ሲቢሲዋ በካርዷ ውስጥ ነው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ የካርድ ክፍል ውስጥ የተኙትን ወረቀቶች አውጥቶ፣ ሴቶቹ ከሁለትና ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሆኑ ተከታትሎ፣ ለእኛ ደም የሚሆነውን ወሰን ማግኘት ትልቅ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሕሙማን ክትትልና የተስተካከለ መዝገብ ነው። በጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የታከሙ 1,070 ሴቶችን ተከታትለው የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ። ከእነሱ የተማርነው አንድ ነገር የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 መሆኑን ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ቁጥር ከ60 በላይ ነው። የእታለም ዕድሜ ማለት እኮ ነው! «የአሮጊት በሽታ» እያልን የምናወራው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር አይሄድም።

እዚያው ሆስፒታል ዕጢያቸው የተመረመረ 352 ሴቶች ላይ ደግሞ ከመቶ 65ቱ ኤስትሮጅን የሚቀበል ዓይነት ዕጢ እንዳላቸው ታይቷል። ለእነዚህ ታሞክሲፊን የሚባል በአንጻሩ ርካሽ የሆነ ክኒን ይሠራል። ልብ በሉ፣ ይህን የሚነግረን ከጡት በመርፌ ተወስዶ በፓቶሎጂ የሚታየው ናሙና እንጂ ሲቢሲው አይደለም። ያ የ2017ቱ ጥናት ራሱ ሬሾው ይበልጥ የሚናገረው ኤስትሮጅን የማይቀበለው ዓይነት ዕጢ ላይ መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ የደሙን ቁጥር እንኳ በወጉ ለማንበብ መጀመሪያ ዕጢው ምን ዓይነት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከጡት ወደ ደም እንጂ ከደም ወደ ጡት አይኬድም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር እቅድ ውስጥ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ግብ ተቀምጧል። ከዘንገና ሆኜ ቆጠርኩት። እታለም ግንቦት ላይ ደረሰች። እኔ ነሐሴ ላይ አየሁ። ባሕር ዳር ለመሄድ የከሰሉ ገንዘብ እስኪሰበሰብ፣ መንገዱ የተዘጋበት ሳምንት እስኪያልፍ መስከረም ገባ። ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ አምስት ሳምንት ቆየ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ካንሰር ነው፣ ደረጃው ሦስት ነው ተባለ። ወደ 150 ቀን ግድም ነው። እንደ ድሮው ቢሆን ደግሞ የባሰ ነበር፣ ለሃያ ዓመት ያህል በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ያውም ተመላልሶ።

እና እኔ ጋዜጠኛ ብሆን ምን እጽፍ ነበር? ይህን ሳስብ ነው ብዙ ሌሊት የቆየሁት። «የደም ምርመራ» የሚል ርዕስ አልሰጠውም ነበር። «ጡትሽ ላይ እብጠት ካለ ለሐኪሙ ስለ ጡትሽ ንገሪው» እል ነበር። ርዕስ አይመስልም አውቃለሁ፣ መምህራችንም ቀይ እስክሪብቶ ያወጡበታል። በአዊኛም ቢነገር እላለሁ፣ እታለም አማርኛ ብትሰማም የሰውነቷን ነገር የምታወራው በአዊኛ ነው። «ጡት» የሚለውን ቃል በሬዲዮ ስትሰማ አንገቷን የምትደፋ ሴት በገዛ ቋንቋዋ፣ በሴት ድምፅ ብትሰማው ምናልባት አታፍርም። ሳይንሱንም አልደብቅም፣ ሬሾውንም እጽፈዋለሁ፣ ግን በመጀመሪያው አንቀጽ «ካንሰሩ አስቀድሞ በታወቀባቸው ሴቶች» የምትለዋን አልቆርጣትም። ዲፓርትመንታችን የጤና ዘገባ የሚባል ኮርስ ባይኖረው እንኳ ከጤና ኮሌጅ መምህራን አንዱን ጋብዞ ለሁለት ሰዓት የላቦራቶሪ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ ቢያሳየን ምን ይጎዳል? ፍርድ ቤት ለመዘገብ የክስ ቻርጅ ማንበብ እንማር የለ?

እታለም አሁን ኬሞ ላይ ናት። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ያው ሲቢሲ ይታዘዝላታል፣ እዚህ ላይ ምርመራው ትክክለኛ ሥራው ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ኒውትሮፊሏ ዝቅ ብሎ መድኃኒቱ በሳምንት ተላልፎባት ነበር። ተፈጥሮዋ ነው ወይስ ኬሞው ነው ብዬ ሐኪሟን እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ። ጠዋት ደም ሰጥታ ከሰዓት ስልክ ትደውልልኛለች።

«ዛሬስ ደሜ ምን አለ?»

ቁጥሩን ታነብልኛለች፣ እኔም የገባኝን እነግራታለሁ። ከዚያ ስለ ድንቹ ዋጋ ታወራኛለች። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው።